በተተከለ ዕለት የሚገጠም ጥርስ እንዲጸና

ሐኪሙ የያዘው ቁልፍ ከማንኪያ እጀታ አይበልጥም። ጎኑ ላይ ቁጥሮች ተቀርጸውበታል፤ ብሎኑ አጥንቱን አጥብቆ በያዘ መጠን ቀጭኗ ዘንግ እየተለመጠች ከቁጥር ወደ ቁጥር ትሻገራለች። እናቴ ወንበሩ ላይ ተጋድማ፣ እኔ እግርጌዋ ቆሜ፣ ዓይኔን ከዚያች ዘንግ አላነሣሁም። የመጀመሪያው ብሎን 35ን አልፎ ቆመ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ግን ዞረ፣ ዞረ፣ ዘንጓም ከ15 ፈቀቅ አላለችም። ሐኪሙ ቁልፉን ትሪው ላይ አስቀመጠና «እማማ፣ ዛሬ ጥርስ አንገጥምም። ድዱን ሰፍተን እንጠብቃለን» አላት።

እናቴ አፏ ስለደነዘዘ መናገር አልቻለችም፤ በዓይኗ ብቻ አየችኝ። ጥርስ ይዛ እንደምትመለስ ለጎረቤት ሁሉ ተነግሮ ነበር። እኔም ተናደድኩ። ቤት ደርሼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን የተናደድኩት በራሴ መሆኑ ገባኝ፤ ይህ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሜ አልጠየቅሁም። ከአምስት ወር በኋላ አራቱም ብሎኖች ጠንክረው ተገኙ፤ ዛሬ እናቴ የምትበላባቸውም የምትስቅባቸውም እነዚያው ናቸው። ያ «ዛሬ አንገጥምም» ያላት ሐኪም ውለታው አለብን።

ከዚያ ወዲህ የጥርስ ተከላ ሊያሠራ የሚያስብ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የምነግረው ይህንን ነው፦ በተተከለ ዕለት ጥርስ መግጠም ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ብሎኑ በዕለቱ አጥንቱን አጥብቆ ከያዘና እርስዎ ቀጣዮቹን ስምንት ሳምንታት ከጠበቁት ነው። የመጀመሪያው በሐኪሙ እጅና በአጥንትዎ ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው በእርስዎ።

የቀረበልዎትን ነገር ይለዩ

«በአንድ ቀን ጥርስ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ነገር ያድበሰብሳል። ተከላ ሦስት ክፍል አለው፦ አጥንት ውስጥ የሚገባው የቲታኒየም ብሎን፣ ከድዱ በላይ ብቅ የሚለው አገናኝ፣ ከዚያ በላይ የሚቀመጠው ጥርስ። በቆየው አሠራር ብሎኑ ከተተከለ በኋላ ወራት ይጠበቃል፤ ጥርሱ የሚገጠመው አጥንቱ ከብሎኑ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ነው። በፈጣኑ አሠራር ጥርሱ በዚያው ዕለት ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገጠማል። ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከተገጠመ መካከለኛ ነው፤ ከሁለት ወር ካለፈ ደግሞ የተለመደው ይባላል። ስለዚህ ክሊኒኩ «ፈጣን» ሲልዎት «በስንተኛው ቀን?» ብለው ይጠይቁ።

በዕለቱ የሚገጠመው ጥርስ ጊዜያዊ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፕላስቲክ ነው፤ ዋናው ጥርስ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ሳይረዱ የሚስማሙ ሰዎች አሉ፤ ከወራት በኋላ «ለሁለተኛ ጊዜ ክፈሉ» የተባሉ መስሏቸው ይጣላሉ። የዋናው ጥርስ ዋጋ በመጀመሪያው ስምምነት ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ጥርስ ነቅሎ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ብሎን መትከል አንድ ነገር ነው፤ በተተከለው ብሎን ላይ ወዲያው ጥርስ መግጠም ሌላ። ሁለቱ በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተደርበው ሲመጡ ግን ጥንቃቄውም እጥፍ ይሆናል፤ አዲስ የተነቀለ ጥርስ ጉድጓድ ከብሎኑ ስለሚሰፋ የሚይዘው አጥንት ያንሳልና።

በእርግጥ ይሠራል ወይ?

ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ለማየት የቲታኒየም መሣሪያ ከትቶ ነበር። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ሲሞክር አልወጣ አለው፤ አጥንቱ ቲታኒየሙን ይዞት ነበር። በ1965 ጎስታ ላርሰን የተባለ ሰው የመጀመሪያው ታካሚ ሆኖ የተተከሉለት ብሎኖች በ2006 እስኪሞት ድረስ አገልግለውታል። ብሮኔማርክ ከተከለ በኋላ ለታችኛው መንጋጋ ሦስት ወር ያህል፣ ለላይኛው ስድስት ወር ያህል ድድ ሥር ቀብሮ ይጠብቅ ነበር። ያ የጊዜ ገደብ ከጥንቃቄ የመጣ እንጂ «ከዚህ ካነሰ አይሆንም» ተብሎ በንጽጽር የተረጋገጠ አልነበረም።

ስለዚህ ሌሎች ሞከሩት። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሽኒትማንና ባልደረቦቹ በታችኛው መንጋጋ ላይ ያደረጉትን የአሥር ዓመት ክትትል አወጡ። ወዲያው ጥርስ ከተገጠመባቸው 28 ብሎኖች አራቱ ከሽፈዋል፤ ድድ ሥር ተቀብረው ከጠበቁት 35 ግን አንድም አልከሸፈም። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ መልሱ «ይጠብቁ» ይሆን ነበር። ግን የዚያን ጊዜው ብሎን ገጹ ልሙጥ ነበር። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ገጻቸው በአሸዋና በአሲድ የተሻከረ ብሎኖች መጡ፤ አጥንት ሻካራውን ቶሎ ይይዘዋል። በ2003 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ ጥርስ ጨርሶ በሌለበት የታችኛው መንጋጋ ላይ አራት ብሎን ብቻ ተክሎ፣ የኋለኞቹን ሁለቱን አዘንብሎ፣ ሙሉ ድርድር ጥርስ ወዲያው የሚገጥምበትን ዘዴ ከውጤቱ ጋር አሳተመ፤ ከ100 ብሎን ከ95 በላይ ጸንተዋል። ዛሬ በየሀገሩ «በአራት ላይ ሙሉ ጥርስ» እየተባለ የሚሸጠው ከዚያ የመነጨ ነው።

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መዛኝ ድርጅት በ2013 ባወጣው ግምገማ 26 ሙከራዎችን፣ 1217 ታካሚዎችንና 2120 ብሎኖችን አንድ ላይ መረመረ። ወዲያው በተገጠመውና በጠበቀው መካከል ለታካሚ የሚያሳስብ የክሽፈት ልዩነት አላገኘም።

ይህን ቁጥር ይዘው ወደ ክሊኒክ ከመሮጥዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያስተውሉ። በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ ወዲያው የተገጠመላቸው ማንም ተነሥቶ የመጣ ሰው አይደሉም። በብዙዎቹ ሙከራዎች አጥንቱ የሳሳ፣ ብሎኑ ያልጠበቀለት ሰው አስቀድሞ ተለይቶ ወጥቷል። ስለዚህ ጥናቶቹ የሚሉት «ለሁሉም ይሠራል» ሳይሆን «ብሎኑ አጥብቆ ለያዘለት ሰው ከመጠበቅ አያንስም» ነው። ያ የእናቴ አራተኛ ብሎን ቢገጠምበት ኖሮ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ምንም ዝምድና አይኖረውም ነበር።

ራስዎን ሳይደብቁ ይመርምሩ

ሐኪሙ ይጠይቅዎታል፤ ግን ሰው ሐኪም ፊት ይሽኮረመማል። ቤትዎ ተቀምጠው መጀመሪያ ለራስዎ ይመልሱ።

ሲጋራ ያጨሳሉ? በአጫሾች ላይ የተከላ ክሽፈት ከማያጨሱት እጥፍ ገደማ ነው። ለማቆም ቁርጠኛ ካልሆኑ ፈጣኑን አይምረጡ። ጫት የሚቅሙ ከሆነም በግልጽ ይናገሩ፤ ለሰዓታት በአንድ ጉንጭ ይዞ ማኘክ፣ ከማጨስ ጋር ከተደረበም ይባስ፣ ለአዲስ ብሎን የሚመች አይደለም።

የስኳር ሕመም ካለብዎ ሕመሙ ብቻውን አይከለክልዎትም፤ የሚከለክለው ስኳሩ ከቁጥጥር ውጪ መሆኑ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ አሠርተው ውጤቱን ይዘው ይሂዱ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡ እንክብሎች ወይም መርፌዎች የሚወስዱ ከሆነ፣ ለካንሰር በአንገት ወይም በመንጋጋ ላይ ጨረር ወስደው ከሆነ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለዎት ከሁሉ በፊት ይናገሩ። እናቶቻችን የአጥንት መድኃኒቱን «ቪታሚን ነው» ብለው ያልፉታል፤ እሽጉን ራሱን ይዘውላቸው ይሂዱ።

ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ሌሊት ጥርስ ማፋጨት። እርስዎ አይሰሙትም፤ አብሮዎት የሚተኛውን ይጠይቁ። ጠዋት የመንጋጋ ጡንቻ የሚደክምዎት፣ የጥርስዎ ጫፍ እንደ ተሞረደ ጠፍጣፋ የሆነ ከሆነ ሳያፋጩ አይቀሩም። ቀን ቀን የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ሌሊት ራስዎን መጠበቅ አይችሉም፤ ለእንደዚህ ያለ ሰው መጠበቁ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የድድ ሕመም ካለ መጀመሪያ ይታከም። በሚደማ ድድ መሐል ብሎን መትከል በረግረግ ላይ ቤት እንደ መሥራት ነው።

አጥንትዎ ምን ያህል እንደሆነ የሚታየው በምርመራ ነው። ተራው ራጅ ቁመቱን ያሳያል እንጂ ስፋቱን አያሳይም፤ ለዚህ ሥራ ኮን ቢም ሲቲ የሚባለው በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ምስል ያስፈልጋል። በአጠቃላይ ሲታይ የታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ለፈጣኑ ተከላ ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። የላይኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ስስና ባለ ቀዳዳ ነው፤ በላዩም የአየር ከረጢት አለ። የእናቴ አራተኛ ብሎን የገባው እዚያ ነበር።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቋቸው

ብዙ ጥያቄ አያስፈልግዎትም። እኔ ዛሬ ብሆን አራት እጠይቃለሁ።

«ጥርሱን በዕለቱ ለመግጠም ብሎኑ ምን ያህል መጥበቅ አለበት?» ሐኪሙ ሳያመነታ ቁጥር ሊነግርዎ ይገባል። ብዙዎች የሚጠቀሙት ዝቅተኛ ልክ 35 ኒውተን ሴንቲሜትር ነው። አንዳንዶች በተጨማሪ በንዝረት የሚለካ መሣሪያ አላቸው፤ ከ1 እስከ 100 ይቆጥራል፣ 70 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው፣ ከ60 በታች ከሆነ መጠበቅ ይገባል። ሐኪሙ «እኔ በእጄ አውቀዋለሁ» ካለዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ። እጅ ልምድ አለው፤ ቁጥር ግን ከሳምንታት በኋላ የሚነጻጸር ማስረጃ ነው።

«ያ ልክ ካልተገኘ ምን ያደርጋሉ?» ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። መልሱ «ሁሌም ይገኛል» ከሆነ ይጠርጥሩ። ትክክለኛው መልስ ሁለተኛ ዕቅድ ነው፦ ድዱ ይሰፋል፣ ተነቃይ ጥርስዎ ውስጡ ለስላሳ ተደርጎ ይሰጥዎታል፣ ወራት ይጠበቃል። ሁለተኛው ዕቅድ ስንት እንደሚያስከፍልም አሁኑኑ ይወቁ። በዕለቱ አፍዎ ተከፍቶ፣ ግማሽ ፊትዎ ደንዝዞ የዋጋ ድርድር አይደረግም።

«ብሎኑ ቢከሽፍ የሚተካው በማን ወጪ ነው? እስከ መቼ?»

«የብሎኑን መለያ ካርድ ትሰጡኛላችሁ?» የአንዱ አምራች ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው አምራች አገናኝ ጋር አይገጥምም። የአምራቹ ስም፣ የብሎኑ ውፍረትና ርዝመት፣ የምርቱ ቁጥር የተጻፈበት ተለጣፊ በእያንዳንዱ ብሎን ማሸጊያ ላይ አለ፤ አንዱን ለእርስዎ መስጠት አይከብድም። እኛ ሀገር የሚተከለው ብሎን ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ይህ ካርድ የጠፋበት ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ጥርሱ ሲላላ የሚጠግነው ለማግኘት ይንከራተታል።

ቀኑን ይምረጡ

ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት መጥተው እግረ መንገድዎን ጥርስ ሊያስተክሉ አስበው ይሆናል፤ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ቱርክ ለመሄድ። ሁለት ሳምንት ለቀዶ ሕክምናው ይበቃል። ችግሩ፣ ከታች እንደማብራራው፣ ብሎኑ የሚደክምበት ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት መሆኑ ነው፤ ማለትም ልክ ወደ ሥራዎ በተመለሱበት፣ ተካዩ ሐኪም ከእርስዎ ባሕር ማዶ በሆነበት ጊዜ። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት በሚኖሩበት ከተማ በእነዚያ ሳምንታት የሚያይዎት የጥርስ ሐኪም ያነጋግሩ። ብዙ ሐኪሞች ሌላ ሰው የተከለውን መንካት አይወዱም። ከላይኛው መንጋጋ የአየር ከረጢት ጋር የተያያዘ ሥራ ከተሠራልዎ ደግሞ መቼ መብረር እንደሚችሉ ሳይጠይቁ ቲኬት አይቁረጡ።

ለኦርቶዶክስ ተከታዮች አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወደ ስምንት ሳምንት ይጠጋል። በመግቢያው ሰሞን የተተከለለት ሰው የቅባቱ፣ የጥብሱ፣ የጥሬ ሥጋው ፈተና በሌለበት ወራት አጥንቱን ያሳድጋል። የጾም ገበታችን ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ ሽሮ፣ የምስር ክክ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መድኃኒት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት። ሙስሊም አንባቢዬ ግን በረመዳን ባያደርገው ይሻላል፤ የመድኃኒቱ ሰዓትና አፍ መጉመጥመጡ ከቀኑ ጾም ጋር ይጋጫል። ሁላችሁም፣ በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ውስጥ የራሳችሁ ወይም የልጃችሁ ሠርግ ካለ ቀኑን ግፉት።

የተከላው ዕለት

ጠዋት ቁርስ ይብሉ፤ ሐኪሙ በእንቅልፍ ማደንዘዣ እንደሚሠራ ካልነገረዎ በቀር። የሚያደርስዎት ሰው ይኑር።

ሲሠራ የሚያዩት ነገር ትንሽ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይሰማዎታል፦ ውሃ። መሰርሰሪያው አጥንት ሲበሳ ሙቀት ይፈጥራል፤ አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ ይጎዳል። ለዚህ ነው ያለማቋረጥ ውሃ የሚፈስሰው። ጉሮሮዎን ቢያጨናንቅዎ እጅዎን ያንሱ፤ እንዲቆም ይጠይቁ፤ ውሃው እንዲቀነስ ግን አይለምኑ።

ብሎኑ ከገባ በኋላ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ወይም አብሮዎት ያለው ሰው ይጠይቅልዎ። ይጻፍ።

ጊዜያዊው ጥርስ ሲገጠም የሚደረገው ፍተሻ ይለያያል። የተተከለልዎ አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ፣ ተቃራኒውን ጥርስ ጨርሶ መንካት የለበትም። ሐኪሙ ባለቀለም ስስ ወረቀት አስነክሶ ያያል፤ ቀለሙ አዲሱ ጥርስ ላይ ካረፈ ሞርዶ ዝቅ ያደርገዋል። ራስዎም መፈተሽ ይችላሉ፦ ጥርስዎን ግጥም አድርገው ነክሰው ስስ ወረቀት በአዲሱ ጥርስ መሐል ሲጎትቱት ሳይቀደድ ሾልኮ መውጣት አለበት። ካልሾለከ ከወንበሩ አይነሡ። ሙሉ ድርድር ጥርስ ከሆነ ግን መንካቱ አይቀርም፤ እዚያ ጥበቃው ብሎኖቹ ሁሉ በአንድ ጠንካራ ጥርስ ተሳስረው ሸክሙን መካፈላቸው ነው። ያ ጊዜያዊ ጥርስ ቢሰነጠቅ ያው ቀን ይደውሉ፤ የተሰነጠቀ ድርድር ብሎኖቹን ለየብቻቸው ያስቀራቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከውጭ በኩል ያሳርፉ። አይትፉ፤ በስትሮ አይጠጡ። ቡና ካማረዎ ቀዝቅዞ ይሁን፤ ደንዝዞ ባለ አፍ ትኩስ ቡና የጠጣ ሰው መቃጠሉን የሚያውቀው ማታ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ሐኪሙ በሚያዝዝልዎ ፈሳሽ ወይም ለብ ባለ የጨው ውሃ በቀስታ ይጉመጥመጡ።

ስምንቱ ሳምንታት

አሁን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለበት ቦታ ደረስን፤ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ብሎኑን የያዘው ነባሩ አጥንት ነው። ምስማር እንጨት ውስጥ እንደሚቆም፣ በመጥበቅ ብቻ ቆሟል። አዲስ አጥንት ገና አልበቀለም። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰውነት በመሰርሰሪያው የቆሰለውን አጥንት ጠርጎ ማንሣት ይጀምራል፤ ያነሣውን ቦታ በአዲስ አጥንት የሚሞላው ግን በኋላ ነው። የጎጆ ምሰሶ ያስቡ። ሲቆም ዙሪያው በድንጋይ ተጠቅጥቆ ነበር። አሁን አንድ ሰው ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣ በቦታው ሲሚንቶ ያፈስሳል፤ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ቤቱ በምሰሶው ላይ እንዳለ ነው። አሮጌው ይዞታ ላልቶ አዲሱ ያልደረሰበት ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ብሎኑ ከተተከለበት ቀን ይልቅ በሦስተኛው ሳምንት ደካማ ነው።

ሰውን የሚያታልለው ደግሞ ይኸው ነው። በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጠፍቷል፣ ስፌቱ ወጥቷል፣ ሕመም የለም። ጥርሱ ያምራል። «ዳንኩ» ብሎ ቆሎ የሚያነሣው በዚያ ሳምንት ነው።

ብሎኑ በጣም ትንሽ ቢነቃነቅ አጥንት ይታገሣል፤ ከ50 እስከ 150 ማይክሮን የሚደርስ እንቅስቃሴ፣ ማለትም በፀጉር ክር ውፍረት ግድም፣ የመቻል ወሰን ተደርጎ ይወሰዳል። ከዚያ ካለፈ ሰውነት በብሎኑ ዙሪያ አጥንት መሥራቱን ትቶ ጅማት መሳይ ስስ ሥጋ ያበጃል። ያ አንዴ ከተሠራ ብሎኑ አይድንም፤ መውጣት ነው።

ታዲያ ምን ይበላል? አንድ ጥርስ ብቻ የተተከለለት ሰው በሌላው ወገን ያኝክ፤ አዲሱን ለመልክ ብቻ ይያዘው። ሙሉ ድርድር የተተከለለት ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ለስላሳ ምግብ ብቻ። መለኪያው በእጅዎ ላይ ነው፦ ከመጉረስዎ በፊት ምግቡን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይጫኑት። ካልፈረሰ አፍዎ ውስጥ አይግባ። ገንፎ፣ አጥሚት፣ በሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ እንቁላል ፍርፍር፣ እርጎ፣ አቮካዶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በደንብ የበሰለ ክትፎ ይፈቀዳል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ጥብስ፣ የበቆሎ እሸት፣ ሸንኮራ፣ ደረቅ ቂጣ በሩቁ። ጥሬ ሥጋ በጥርስ ነክሶ መጎተት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብሎኑን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ክር በጥርስ መበጠስና ቆርኪ መክፈት ከአሁን ጀምሮ ለዘለዓለም ይቅር።

ጉርሻን አስቀድመው ያስቡበት። የሚወድዎ ሰው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ሲዘረጋ እምቢ ማለት በእኛ ባህል ከባድ ነው፤ በእጁ ያለው ጥቅል ውስጥ ምን እንዳለም አያውቁም። እናቴ ዘዴ አገኘች፦ ጉርሻውን በእጇ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ሳህኗ ላይ ፈትታ የሚሆናትን ትመርጥ ነበር። ማንም አልተቀየማትም።

በምላስ መነካካት ይተው። አለመላላቱን ለማረጋገጥ በጣት የሚያወዛውዙ ሰዎች አሉ፤ የሚያላሉት እነሱ ናቸው። ለጽዳት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀሙ። መፋቂያ ጥሩ ልማድ ነው፤ ተከላው ወዳለበት ወገን ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ አይሂድ።

ሲደውሉ ሰዓት የማይቆጠርባቸው ምልክቶች

የማደንዘዣው ጊዜ አልፎ የታችኛው ከንፈርዎ ወይም አገጭዎ እንደ ደነዘዘ ከቀረ በዚያው ቀን ይደውሉ፤ ብሎኑ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ነገ ማለት አይቻልም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ እብጠቱ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ መግል ከታየ፣ ትኩሳት ከመጣ እንዲሁ።

ጥርሱ ሲወዛወዝ ቢሰማዎ አይደንግጡ፤ ቸልም አይበሉ። የላላው ጥርሱን ከብሎኑ ጋር የያዘው ትንሽ ማሰሪያ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ በደቂቃዎች ይጠብቃል። ወይም ራሱ ብሎኑ ሊሆን ይችላል። ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም ነው። እስኪያይዎ ድረስ በዚያ በኩል ምንም አያኝኩ።

ብሎኑ ከከሸፈ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ብዙ ችግር ይወጣል፤ አጥንቱ ወራት ያርፋል፤ ከዚያ እንደገና መሞከር ይቻላል። የሚያስከፋ ነው፤ ግን የመጨረሻ አይደለም። የሚጎዳው የላላ ብሎን ይዞ «ይጠብቅ ይሆናል» እያሉ መቆየት ነው፤ በቆየ ቁጥር አጥንቱን ይበላዋል።

ዋናው ጥርስ ሲመጣ

ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ሐኪሙ ብሎኑን እንደገና ይፈትሻል፤ በንዝረት የሚለካ መሣሪያ ካለው የመጀመሪያውን ቀን ቁጥር አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ካልቀነሰ፣ ይልቁንም ከጨመረ፣ አጥንቱ ሥራውን ሠርቷል። ዋናው ጥርስ ከመገጠሙ በፊት ራጅ ይነሡ፤ ቅጂውን ይያዙ። ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ወርዷል አልወረደም የሚባለው ከዚህ ራጅ ጋር ተነጻጽሮ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር መውረዱ የሚጠበቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ በዓመት ከ0.2 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም።

የሚያፋጩ ሰዎች በዚህ ጊዜ የሌሊት መከላከያ ያሠሩ። ሁሉም ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ የድድ ሕመም የነበረበት ደግሞ በየስድስት ወሩ እየሄደ ያስጸዳ። ቲታኒየም አይበሰብስም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን እንደ ማንኛውም ድድና አጥንት ይታመማል፤ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ አያሳምም።

የመለያ ካርዱን ፎቶ አንሥተው ለልጅዎ ወይም ለሚቀርብዎ ሰው ይላኩ። ዋናውን ከፓስፖርትዎ ጋር ያስቀምጡት። የእናቴ ካርድ ከልደት የምስክር ወረቀቷ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው፤ በፖስታው ጀርባ ላይም በሐኪሙ እጅ አራት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው 15 ነው።